እገሌ ቧንቧ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና የስም ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ውረዱበት። እገሌ ቧንቧ። እገሌ መብራት። እገሌ ዲሽ። እገሊት ባንክ። እገሊት ፀጉር። እገሌ ደላላ ሃያ ሁለት፣ እገሌ ደላላ ሰሚት። ዶክተር ጥርስ። ጤፍ አዳ። «ጤፍ አዳ» ማለት ከአዳ ጤፍ የሚያመጣልን ሰውዬ ነው፤ ስሙን አንዴ ነግሮን ነበር። አንድ ወዳጄ ስልክ ላይ «ጋራዥ ቀጭኑ» የሚል አይቻለሁ፤ ወፍራሙ ምን እንዳጠፋ አልጠየቅኩም።

በዚህ ዝርዝር ከሄድን ያገሬ ሰው የአባት ስም የለውም። ሲወለድ ነበረው፤ ክርስትና ሲነሣም፣ ትምህርት ቤት ሲገባም ነበረው፤ እኛ ስልክ ውስጥ ሲገባ ግን አባቱ ይወርዱና ቧንቧ ይተካቸዋል። ይህን ነገር በየደረስኩበት እያወራሁ ስስቅበት ከርሜ፣ አንድ ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ እዚያው ቤቱ ውስጥ ስልኩ ጠፋበትና «እስቲ ደውልልኝ» አለኝ። ደወልኩ። ከሶፋው ትራስ ሥር ጮኸ። አንሥቼ ሳየው የተጻፈው «ማመልከቻ» ነው። «እገሌ ማመልከቻ» እንኳ አይደለም፤ ደረቁን ማመልከቻ። ለወረዳም ሆነ ለክፍለ ከተማ የሚገባ ደብዳቤ ሲያስፈልገው የሚጠራው እኔን ነው። «ምን ላድርግ፣ በቶሎ እንዲገኝ ብዬ ነው እኮ!» አለኝ።

የሚያስቀይም ነገር የለውም። ቢያንስ ለአንድ ነገር እፈለጋለሁ ማለት ነው። ደግሞ ዝርዝሩን ገፋ ሳደርገው ምንም ያልተቀጠለባቸው ጥቂት ስሞች አየሁ፦ እናቱ፣ ሚስቱ፣ ሁለት የልጅነት ጓደኞቹ። ቧንቧ አይጠግኑ፣ ብድር አያስፈቅዱ። አንደኛውን ጓደኛውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ለማንም አንዳች ነገር አስፈጽሞ አያውቅም፤ ከበር ሲገባ ግን ቤቱ በሙሉ ገና ሳያወራ ይስቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ቅጥያ አልተገኘም።

የሰው ዋጋ እንዴት እንደሚተመን ማየት የፈለገ ሠርግ ይሂድና ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ክብ ጠረጴዛ ይካፈል። መጀመሪያ ስም ይጠየቃል። ስሙን የሚሰማ የለም፤ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ደግሞስ ስም ምን ያደርጋል። ቀጥሎ «የት ነው የምትሠራው?» ይመጣል። አሁን ጆሮ ቀረብ ይላል። «ጉምሩክ» ካላችሁ ወንበሩም አብሮ ይቀርባል። «ባንክ» ካላችሁ «ብድር ክፍል ነህ?» ትባላላችሁ፤ «የለም፣ ገንዘብ ከፋይ ነኝ» ስትሉ ወንበሩ በመጣበት ይመለሳል። አስተማሪ ነኝ ያለ ሰው «ጎሽ፣ ትውልድ መቅረጽ ነው!» ይባልና ጨዋታው ወደ ክትፎው ይዞራል። «ለጊዜው ሥራ ላይ አይደለሁም» ያለ ደግሞ ለቅሶ ቤት በሚሰማ ድምፅ «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» ተብሎ ይጽናናል። መጨባበጡም ደረጃ አለው፦ ለተራው ሰው ቁጭ እንዳሉ አንድ እጅ፤ ለባለሥልጣኑ ብድግ ብሎ፣ ቀኝ ክንድን በግራ ደግፎ፣ ጎንበስ፤ ለባለሀብቱ ሁለቱም እጅ፣ ከእጁ ጋር ቢዝነስ ካርድ።

ጎንበስ ማለቱን አልነቅፍም። ታላቅን ተነሥቶ፣ ዝቅ ብሎ ሰላም ማለት ካባቶቻችን ካገኘናቸው ደኅና ነገሮች አንዱ ነው። የሚያስቀኝ ጎንበሱ ከመልሱ በኋላ መምጣቱ ነው።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ድሮም ይጠየቅ ነበር፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ የልጅቱ ወገን የሚያጣራው የዘር ሐረግ ነበር፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ አጥንት ይመዘናል፣ በመሐል አንድ ባለ እጅ የተገኘ እንደሆነ ነገሩ ይበላሻል። ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭ፣ ጋቢውን የሚሠራለትን ሸማኔ፣ ምጣዱን የምታበጅለትን ሸክላ ሠሪ እየናቀ፣ በማረሻው እያረሰ፣ በጋቢው እየሞቀ፣ በምጣዱ እየጋገረ የኖረ ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ ሰውን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ምክር የሚበቃው ቢሆን ኖሮ አዋጅ ባላስፈለገ። ዛሬ አጥንት የሚመዝን ሽማግሌ ቀንሷል። ዛሬ የሚባለው «ልጁ ምን አለው? ኮንዶሚኒየም ደርሶታል?» ነው። «በ2005 ተመዝግቧል» የሚለው መልስ መጀመሪያ ሰሞን ያስከብር ነበር፤ አሁን ሽማግሌዎቹን ያስቃቸዋል።

የውጤት ሰሞን ደግሞ አለ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 845,000 ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,000 ያህል ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ። በዓመቱ ከፍ አለ ተባለና 5.4 በመቶ ሆነ። የቁጥሩን ምክንያት የሚመለከታቸው ይነጋገሩበት፤ እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ሰፈር ሲገባ የሚሠራው ሥራ ነው። 100 ተፈታኝ ባለበት ሰፈር 97 ልጅ በአንድ ማለዳ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። እናቶች ቡና መጠራራት ይቀንሳሉ። የተጠራሩም እንደሆነ እንዲህ ነው፦

«የናንተስ ልጅ እንዴት ሆነ?»

«ኧረ ኔትወርኩ እምቢ ብሎን እስካሁን አላየነውም።» ውጤቱ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

«የኔ እንኳ የፈተናው ዕለት አሞት ነበር።»

በዚህ መሐል ልጁ ፈንዲሻ ይዞ ይገባል። ሁሉም ዝም ይላሉ። ፈንዲሻውን አስቀምጦ ይወጣል። ይህ ልጅ ትናንት የአንደኛዋን እናት የጋዝ ሲሊንደር ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ ያወጣ ነው። ሲያወርድላቸው «ተባረክ፣ ትልቅ ቦታ ያድርስህ!» ተብሎ ተመርቋል። ትልቅ ቦታ የተባለው አራተኛ ፎቅ አይደለም።

የሳሎን ግድግዳችንንም እዩት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላል ያገሬ ሰው፤ ግድግዳው ግን ዥንጉርጉርነቱን አይቀበልም። አንድ የማውቀው ቤት አለ። ጥቁር ጋውን ለብሳ፣ ቆቧን ደፍታ፣ በሪባን የታሰረ ወረቀት ይዛ የተነሣችው ልጅ በትልቁ ተሰቅላለች። ውጭ አገር ያለው መኪና ተደግፎ ከጎኗ ተሰቅሏል፤ የመኪናዋ ባለቤት ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ትምህርቱ አልሆንልህ ብሎት ቤት የቀረው ሦስተኛው ልጅ ብቻውን የተነሣው ፎቶ የለም፤ ለጥምቀት ከዘመድ ሁሉ ጋር በተነሡት ውስጥ በስተቀኝ ጥግ ግማሽ ፊቱ ይታያል። እናትየዋ ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊኑን ጠዋት ማታ የሚወጋቸው፣ ለቀጠሮ ይዟቸው የሚሄደው፣ ባለ ጋውኑን ፎቶ ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ የሚወለውለው ይኸው ልጅ ነው። እንግዳ መጥቶ «ይኼኛውስ ምን ላይ ነው?» ሲል እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱ እንግዲህ… እኔን እየጠበቀ ነው» ይላሉ። ልጁ ይሰማል። ቡናውን መቅዳት አያቆምም።

ወደ ሯጮቻችን ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። በዓለም ሁለተኛ መውጣት ማለት ከምድር ሕዝብ ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ቀደመህ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የሐዘን ወሬ ነው። «ምን ነክቶት ነው?» እንላለን፤ ሶፋ ላይ ተጋድመን። ስለሺ ስህን በ10,000 ሜትር በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ በሄልሲንኪና በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና ብር አጥልቋል። አራቱንም ጊዜ የቀደመው ቀነኒሳ በቀለ ነው፤ ማለትም ከገዛ ያገሩ ልጅ በቀር የቀደመው የለም። ሆኖም መንገድ ላይ የሚሯሯጡ ልጆች «እኔ ቀነኒሳ ነኝ፣ እኔ ኃይሌ ነኝ» ሲሉ እንጂ «እኔ ስለሺ ነኝ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

የአቴንሱን ሩጫ ያየ ሰው ግን ሌላም ነገር ያስታውሳል። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ማታ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ወርቁን የወሰደ ጀግና ነው፤ ያን ምሽት ግን እግሩን እያመመው ነበር የተሰለፈው። ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ናቸው። ሩጫው ወደ ማለቂያው ሲጠጋ ኃይሌ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ሁለቱ ወጣቶች ጥለውት መሄድ ይችሉ ነበር። አልሄዱም። ዞር እያሉ ያዩታል፤ እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ቀነስ ያደርጉለታል። የኦሊምፒክ ወርቅ ከፊት ተቀምጦ እነሱ ወደ ኋላ ያያሉ! እኛ ቤት የነበረው ሰው ግማሹ «ሂዱ እንጂ!» ይላል፣ ግማሹ «ጠብቁት!» ይላል፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ «ና በላቸው፣ ና በለው» እያሉ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ ያለቅሳሉ። ኃይሌ እንደማይደርስ ቁርጡ ሲታወቅ ነው የሄዱት። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ሦስተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ። ቀነኒሳ የገባበት 27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ያን ጊዜ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነበር። ስለዚያ ምሽት የሚያወራ ሰው ስታገኙ ሰዓቱን ጠይቁት፤ አያውቀውም። መዞራቸውን ግን አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ያሳያችኋል።

ደራርቱ ቱሉም እንዲሁ ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ያገኘችው ወርቅ አንዲት ጥቁር አፍሪካዊት በኦሊምፒክ ያገኘችው የመጀመሪያው ነው፤ በሲድኒ ደገመችው። ሰው ስለ እሷ ማውራት ሲጀምር ግን ከወርቁ አይጀምርም። ከእንባዋ ይጀምራል፣ ወይ ከሳቋ፣ ወይ ያገኘችውን ሁሉ ከማቀፏ። ስለዚህ እኛ ሰው መመዘን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ትክክለኛውን ሚዛን ደብቀን፣ ገበያ የምንወጣው በሌላው ነው።

ውጭ ያለው ወገናችንም ከዚህ አልዳነም። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያሉ ያገር ልጆች ጥያቄውን በመጠኑ አሻሽለውታል፤ «ምን ትሠራለህ?» ትተው «ስንት ትሠራለህ?» ይላሉ፤ አንድ ሥራ ብቻ ያለው ሰው ይታዘንለታል። ፓርኪንግ የሚሠራው ልጅ እናቱ ቤት ሲወራለት «ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ነው» ይባላል። ውሸት አይደለም፤ ፓርኪንጉም የኩባንያ ነው።

ከዓረብ አገር የምትመለስ እህታችን ላይ ስንደርስ ቀልዱ ያልቃል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ በእጃቸው ከአንድ ፌስታል በቀር ሳይኖራቸው ከቦሌ የወጡ ብዙዎች ነበሩ። የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ፌስታሉ ላይ ነበር። «ምን ይዛ መጣች?» የሚለው ጥያቄ «ደኅና ናት?» ከሚለው ቀድሞ ሲነሣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የጠየቁት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እሷ በምትልከው ቤት ሊሠሩ መሠረት ያስቆፈሩ ወላጆች ናቸው። ድህነት ጥያቄውን ያመጣዋል፤ ጥያቄው ግን የሚያርፈው ልጅቱ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ያስወራኝ ባለፈው ክረምት መግቢያ ያረፉት የሰፈራችን ሰው ናቸው። ስማቸውን ልተወውና ጋሼ ልበላቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነበር። ጋሼ የትም አልደረሱም። ይህን እኔ አላልኩም፤ ራሳቸው በየለቅሶው «እኔ እንግዲህ የትም አልደረስኩ፤ ቁጭ ብዬ ላምሽ» እያሉ እስኪነጋ ያመሹ ነበር። ሱቅ ከፍተው በዱቤ አልቆባቸዋል። ሎተሪ አዙረዋል። ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ቆመዋል፤ ለአሮጊቶች ያበዛሉ ተብለው ተነሡ።

የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ ተራ መያዝ። ከሰፈሩ የታመመ ሰው መንግሥት ሆስፒታል ቀጠሮ ካለው ጋሼ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሣሉ። ጋቢያቸውን ይደርባሉ፣ ሁለት የታጠፈ ካርቶን በብብታቸው ይይዛሉ። አንዱ ካርቶን ለእሳቸው መቀመጫ ነው። ሁለተኛው አጠገባቸው ለሚሰለፈው ለማያውቁት ሰው ነው፤ «ሲሚንቶው ይበርዳል፣ ኩላሊት ነው የሚይዘው» ይላሉ። በሽተኛው በታክሲ ሁለት ሰዓት ላይ ሲደርስ ጋሼ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሥር ሦስተኛ ወይም አራተኛ ናቸው፤ የፊታቸውም የኋላቸውም ሰው ታሪክ በሙሉ ከእጃቸው ገብቷል፤ ማን ከየት መጣ፣ ምኑን ያመዋል፣ ልጁ ስንት ነው። ተራውን ያስረክባሉ። ገንዘብ አይቀበሉም። ሻይ ይቀበላሉ፤ ስኳሩን አራት አድርገው። እናቴ በታመመችበት ጊዜ ያ ሁለተኛው ካርቶን ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ እውነትም ሲሚንቶው ይበርዳል።

እዚህ ላይ ቢቆም «ጋሼም ለካ ይጠቅሙ ነበር» ብለን እንገላገል ነበር፤ ስልካችን ውስጥ «ጋሼ ሆስፒታል» ብለን እንመዘግባቸውና ነገሩ ያልቃል። ግን የኋላ ኋላ ግማሽ ጎናቸውን መታቸው። ተራ መያዝ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ልጃቸው በር ላይ በወንበር ታስቀምጣቸዋለች፤ ንግግራቸውም ይጎተታል፤ አንዲት ቀልድ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፣ ቀልዷም ሁላችንም የምናውቃት ናት። ለማንም ለምንም የማይሆኑ ሰው ሆኑ። እና ምን ሆነ? ከሥራ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እዚያች ወንበር ዘንድ ይቆማል። ታክሲ ረዳቱ ይቆማል፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ መኪናውን አቁሞ ይወርዳል፣ ፈተናውን ያላለፈው ልጅ ቀልዷ እስክታልቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ምን ፈልገው እንደሆነ ብትጠይቋቸው የሚመልሱት የላቸውም። እኔም የለኝም።

ያረፉ ዕለት እድሩ ድንኳን ጣለ፤ ማታ አልበቃ ብሎ ከጎረቤት እድር ሁለተኛ ተዋስን። የእድሩ ጸሐፊ እኔን ፈልጎ መጣ። የሕይወት ታሪክ ይጻፍ ተባለ፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ይነበባል። ነጭ ወረቀትና እንደ ናሙና የሚያገለግል የአንድ ሟች ባለሥልጣን የሕይወት ታሪክ ተሰጠኝ። አራት ገጽ ነው። የተማሩበት፣ የተሾሙበት፣ የተዛወሩበት፣ ሥልጠና የወሰዱባቸው አገሮች፣ የተሸለሙት ሁሉ በቅደም ተከተል አለ። አራቱን ገጽ አንብቤ ሰውዬው ይስቁ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ማወቅ አልቻልኩም። ጀመርኩ፦ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ… ብዬ ቆምኩ።

«ቀጥል እንጂ» አለኝ ጸሐፊው።

«ደርሶ ምን ሆነ?»

«ገብተዋል በላ! መግባት ገብተዋል።»

«እስከ ስንተኛ?»

ጸሐፊው ወደ ልጃቸው ዞረ። ልጃቸው ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው «እስከ ስድስት ይመስለኛል፤ ስድስትን ግን ሁለቴ ነው የተማረው» አሉ።

«ሁለቴ ከሆነማ ሰባት በለው» አለ አንዱ ከኋላ።

ወደ ሥራው ስንመጣ ጸሐፊው ልምድ ያለው ሰው ነውና ሳያመነታ «በልዩ ልዩ የሥራ መስኮች ተሰማርተው አገራቸውን በቅንነት አገልግለዋል» አለኝ። ይህች ዓረፍተ ነገር ስንቱን ሰው በክብር ሸኝታለች! ሎተሪ ማዞራቸው ይጻፍ አይጻፍ ክርክር ተነሣ። አንድ ወጣት «በፋይናንስ ዘርፍ እንበለው» ሲል ልጃቸው ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ፤ ሴቶቹ ተከትለው አነሡት። ወንዶቹ ወረቀቱ ላይ አቀረቀርን። ወፍጮ ቤቱ «በምግብ ማቀነባበር» ሊባል ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ፤ ጋሼ ቢሰሙ ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ይገድላቸው ነበር።

እኛ ጥግ ላይ ወረቀት ስናሰቃይ በቀረው ድንኳን ውስጥ ሌላ የሕይወት ታሪክ ይነገር ነበር፤ ማንም አልጻፈውም። ካርታ ሲጫወቱ ያጭበረብራሉ፣ ግን ሲያጭበረብሩ ጆሯቸው ስለሚቀላ ሁሌ ይያዛሉ። የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ ከነክርስትና ስሙ ያውቃሉ። የተጣሉ ባልና ሚስት ቤት ጨው ሊዋሱ ይገባሉ፤ ቤታቸው ግን ጨው አልጠፋም። የገዛ ቀልዳቸውን ሳይጨርሱ ቀድመው ይስቃሉ። ፈሪ ናቸው፤ ውሻ ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። አንዲት ሴት «አንድ ቀን እንኳ ልጄ የት ደረሰች ብሎኝ አያውቅም፤ በላች ወይ ነው የሚለኝ» አለች። ስለ ስድስተኛ ክፍል ያነሣ አልነበረም። ተራ መያዛቸውንም ያነሡት ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ስለ ካርቶኑ ለመሳቅ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ወረቀቱ ተነበበ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። የሚያነብበው ልጅ «በልዩ ልዩ የሥራ መስኮች» ላይ ሲደርስ ከኋላ የቆሙት የወፍጮ ቤት ሰዎች ተያዩ። ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄድን።

እንግዲህ በየእድሩ ይህን ሥራ ለተሸከማችሁ ጸሐፊዎች ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ከሚለው በፊት ሁለት መስመር ክፍት ተዉ፤ ሟቹ ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሻዩን በስንት ስኳር እንደሚጠጣ ጻፉበት። ቦታ የጠበበ እንደሆነ ከዲፕሎማው ላይ ቀንሱ።